ከፎቶሽ ጀርባ ያለው ሶኬት

ልጄ፣ የሄድሽበት አገር ይመችሽ፤ የወጣሽበት በር በሰላም ይመልስሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴንም ተሽሎኛል።

የክፍልሽ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል ስልሽ «ባለሙያ ይየው» ካልሽ ወዲህ አባትሽ አኩርፎ ነበር። «እኔ እያለሁ ለገዛ ቤቴ ሰው ልጥራ?» ብሎ፣ ቴስተሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሶኬቱን ሁሉ ዞረ። ሲጨርስ «ቤቱ እንደኔ ጤነኛ ነው» አለኝ። እሱ እኮ ደም ግፊት አለበት!

እኔ ግን ሳሎን ውስጥ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸተኝ አንዲት ኤሌክትሪሻን ጠራሁ። ገና እንደገባች «ይህን ፎቶ ላውርደው» ስትል ሁለታችንም ተነሳንባት። የምርቃትሽን ፎቶ አንቺ ሰቅለሽው ከሄድሽ ወዲህ ማን ነክቶት ያውቃል? አባትሽም ሶኬቶቹን ሲዞር ያን ግድግዳ የዘለለው ለዚሁ ነው። እሷ ግን «ለእናንተ ልጃችሁ ናት፤ ለእኔ ግድግዳ ነው» ብላ አወረደችው። ከጀርባው ያለው፣ ረስተነው የኖርነው ሶኬት ጠቁሯል። የፍሬሙ ካርቶን ሳይቀር ተለብልቧል። ወደ መኝታ ቤትሽ የሚሄደው መስመር ለካ በዚያ ነው የሚያልፈው። አባትሽ ቴስተሩን ኪሱ ከቶ መሰላሉን ያዘላት።

አሁን ገመዱ ተቀይሯል፤ ክፍልሽም ቦግ ብሎ ይበራል። አንቺም እዚያ «ራሴ እፈታታዋለሁ» እንዳትይ፤ የማን ልጅ እንደሆንሽ አውቃለሁ።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። ፎቶሽን መልሰን አልሰቀልነውም፤ አልጋሽ ላይ ይጠብቅሻል። መጥተሽ ራስሽ ስቀይው። አደራ፣ ከሶኬት ራቅ አድርገሽ።

እናትሽ