የቀድሞው አዛዥ ከበሩ እንዳይርቁ

ለፖሊስ መምሪያው የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኔ 12

ጉዳዩ፦ የከተማችን የቀድሞ ፖሊስ አዛዥ ያቀረቡት የዝውውር ጥያቄ ተቀባይነት እንዳያገኝ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በከተማችን ፖሊስ ጽሕፈት ቤት የአስተዳደር ምክትል አዛዥ ሳለሁ፣ የያኔው አዛዥ የአማቻቸውን መጋዘን የሚጠብቁ ፖሊሶች እንድመድብ አዘዙኝ። ፖሊስ የሕዝብ ጠባቂ እንጂ የአማች ዘበኛ አይደለም ብዬ አልፈረምኩም። ፖሊሶቹን ራሳቸው መደቡ። በማግስቱ በጠዋቱ ሰልፍ ፊት፣ «የሰው እጥረት አለብን፤ ምክትላችን በር ላይ ሆነው ቦርሳ ይፈትሹልን» አሉ። ደብዳቤ አልተጻፈልኝም። ማዕረጌ ትከሻዬ ላይ እንዳለ እኔ በር ላይ ቀረሁ።

2. ቅሬታዬ ታይቶ እስኪወሰን ሁለት ክረምት አለፈ። በሩ መጠለያ የለውም። ያሠለጠንኳቸው ፖሊሶች ሰላምታ ሊሰጡኝ እጃቸውን ያነሡና፣ ወደ አዛዡ መስኮት ቀና ብለው አይተው ኮፍያቸውን ያስተካክሉ ነበር። አልተቀየምኳቸውም፤ ደመወዛቸውን የሚጠብቅ ቤተሰብ አላቸው።

3. ከሆዴ ያልወጣው ሌላ ነው። አንድ ዝናባማ ቀን እናቴ የዝናብ ካፖርቴን ይዛልኝ መጣች። ላሳልፋት ስል አዛዡ ከመስኮታቸው ብቅ ብለው፣ «የእናትሽንም ፈትሺ እንጂ! እዚህ ዘመድ የለም!» አሉ። አንቺ ሲሉኝ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ቦርሳዋን ከፈትኩት፤ ካፖርቴና ደረቅ ካልሲ ብቻ ነበሩበት። እናቴም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ፈትሺ ልጄ፣ በደንብ ፈትሺ! የጠፋ ፖሊስ ካለ ግን እኔ ቦርሳ ውስጥ አታገኚውም፤ አማቹ መጋዘን ነው ያለው» አለች። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ካልሲውን አጥፌ ቦርሳው ውስጥ መለስኩና ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራሁ።

4. ባለፈው ወር መምሪያው ውሳኔ ሰጥቶ እሳቸው ከአዛዥነት ተነሥተዋል፤ እኔም ተጠባባቂ አዛዥ ሆኛለሁ። እሳቸው በዚሁ ጽሕፈት ቤት በተራ መኮንንነት እንዲቀጥሉ ታዝዟል። አሁን ግን «የከተማው አየር አልተስማማኝም» ብለው ዝውውር ጠይቀዋል። ሲያዙን በኖሩበት ዘመን ሁሉ አየሩ ተስማምቷቸው ነበር።

ስለዚህ ዝውውሩ እንዳይፈቀድላቸው በትሕትና አመለክታለሁ። ይህ ቂም ነው የሚሉ ይኖራሉ። አዎን፣ ነው። ይሁን እንጂ ደንቡም ከቂሜ ጋር ይስማማል፤ መኮንንን በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ መመደብ የአዛዥ ሥልጣን ነው፣ የሰው እጥረቱም ዛሬ ድረስ አልተቃለለም። ምደባቸው በር ላይ ይሆናል። እንደ እሳቸው በቃል አላዝም፤ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እጃቸው ላይ ይደርሳል። ማዕረጋቸውን ሳይጠራ የሚያልፍ ባልደረባ አይኖርም። እኔም በየማለዳው ቦርሳዬን ከፍቼ አቀርብላቸዋለሁ። የበሩን መጠለያ በተመለከተ፣ ግንባታው ለመጪው በጀት ዓመት መጨረሻ ታቅዷል።

የመጀመሪያው ሰኞ እናቴ ያንኑ ቦርሳ ይዛ ትመጣለች፤ እንደማንኛውም ባለጉዳይ በደንብ ይፈትሿታል። እኔ በዚያ መስኮት ቆሜ አያለሁ እንጂ አንዲት ቃል አልናገርም። እናቴ ለምትናገረው ግን ከወዲሁ ኃላፊነት አልወስድም።

ከጽኑ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የከተማው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ተጠባባቂ አዛዥ