ለሞት የበቃ፣ ለጥምቀት ያልበቃ ስም

ለሞንሬቭ ከተማ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሸንጎ፤ ለሰብሳቢው ለክቡር ሜልሺዮር ዴፔላ፣ ለመምህራችን ለኦዴ ፋርና፣ እንዲሁም በየሰፈሩ ለተሾማችሁና ጆሮ ላልነፈጋችሁ ሽማግሌዎች ሁሉ

ክቡራን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናችሁን እጠይቃለሁ። የሐይቁ ብርድ ጉልበታችሁን እንዳልያዘው፣ ከስብከት ብዛት ጉሮሯችሁ እንዳልደረቀ፣ በሰው ደጃፍ ቆማችሁ ስታዳምጡም ጆሯችሁን ነፋስ እንዳልመታው ተስፋ አደርጋለሁ። የእናንተ ጤና ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ ቀን ታማችሁ ብትተኙ ልጆቻችንን ማን ብለን እንደምንጠራ የሚነግረን ሰው አይኖርም።

እኔ ፔርኔት እባላለሁ። በታችኛው በር አጠገብ ይሠራ የነበረው የበርሜል ሠሪው የአንቴልም ቦርናን ሚስት ነኝ። ለሐሙስ በሸንጎው ፊት እንድቀርብ አዝዛችሁኛል። ተንበርክኬ የልጄ ስም ዘሩባቤል መሆኑን እንድናገር፣ ሌላውን ስም የጣዖት ስም ነው ብዬ እንድክድ፣ እምቢ ካልኩ ከጌታ እራት እንድከለከል፣ በእምቢታዬ ከጸናሁም ከገና በፊት ልጄን ይዤ ከከተማው እንድወጣ ወስናችኋል። በሸንጎው ፊት ሴት የምትናገረው ስትጠየቅ ብቻ እንደሆነ ስለማውቅ፣ የምትጠይቁኝም አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ስለገባኝ፣ የቀረውን እዚህ ጽፌ በገበያው አዳራሽ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ማንበብና መጻፍ ያስተማራችሁኝ እናንተው ናችሁ። የሴቶቹን ትምህርት ቤት ስትከፍቱ ሴት ልጅ ወንጌልን በገዛ ዐይኗ ታንብብ ብላችሁ ነበር። ታዛዥ ተማሪ ነበርኩና አነበብኩ።

አንደኛ፤ ስለ ስሙ ራሱ ላመስግናችሁ።

በሐይቁ ዳር ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ልጅ ሳይወለድ አባቱ ከሞተ፣ ወንድ የሆነ እንደሆነ የአባቱን ስም ይይዛል። ይህን ልማድ ከእናንተ በፊት ይገዛን የነበረው ጳጳስ አላመጣውም፤ ግምጃ ቤቱን በጀልባ ጭኖ ሲሸሽም ይዞት አልሄደም። ስለዚህ ልጄን ባለፈው ሚያዝያ ስወልድ ስሙን ለማውጣት አልተጨነቅሁም፤ ስሙ ከልጁ በፊት እቤታችን ውስጥ ነበር። እናንተ ግን አንቴልም የሚባል ቅዱስ እንደነበረ፣ አጥንቱም ከተራራው ማዶ ባለ ገዳም ይሳም እንደነበረ አስታውሳችሁ፣ ስሙን ከከለከላችኋቸው ስሞች ጋር ደመራችሁት። ባታስታውሱኝ ኖሮ እኔ ረስቼው ነበር። የቅዱሱ የእንጨት ምስል ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ በአደባባይ በተቃጠለ ጊዜ፣ እግሩን ይዘው ወደ እሳቱ ካደረሱት ልጆች አንዷ እኔ ነበርኩ፤ በፍሙም ዓሣ ጠብሰን በልተናል። ምስሉን አቃጠልኩ፣ ሰውየውን አገባሁ፤ ሁለቱን አምታትቼ አላውቅም።

በምትኩ ስለተሰጠን ስም የማቀርበው ቅሬታ የለም። መምህር ኦዴ በዚያ ሰሞን ትንቢተ ሐጌን ይሰብኩ ስለነበር ዘሩባቤል ከአፋቸው አጠገብ ነበረ፤ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። ዛሬ በእኛ መንገድ ላይ አንዲት እናት በመስኮት ብቅ ብላ ዘሩባቤል ብትል በአራት ቤት ያለ ሕፃን ያለቅሳል። ጎረቤቴ ዳቦ ጋጋሪዋ ዣክማ "አንቺስ አመስግኚ፤ እኔ የወለድኩት ኢዮብን ሲሰብኩ ነው። ኤልፋዝ አሉብኝ" አለችኝ።

"በልዳዶስ ከማለት ይሻላል" አልኳት።

"እሱንማ ለእህቴ ልጅ ሰጡት" አለች።

ሁለተኛ፤ ስሙ ስለተሰጠበት መንገድ።

አራስ ስለነበርኩ ልጁን ይዞ የሄደው አበልጄ ነው፤ የባሌ አጎት ጀልበኛው ቴቭኖ። ከስብከቱ በኋላ መምህር ኦዴ ስሙን ጠየቁት፤ ቴቭኖም አንቴልም አለ። መምህሩ ውሃውን ከሳህኑ ዘገኑና ዘሩባቤል ብለው አጠመቁ። ቴቭኖ ተንኮል የማያውቅ ሰው ነው፤ ልጅ የተለዋወጠባቸው መሰለው።

"ጌታዬ ተሳስተዋል፤ ይሄኛው የእኛ ነው" አላቸው።

"አልተሳሳትኩም" አሉት።

"እንግዲያው ያጠመቁት ሌላ ሰው ነው። ይሄ ገና አልተጠመቀም" አለና ልጁን በጉያው ሸጉጦ ወጣ።

ስለዚህ ቃሉ በዳቦና በውሃ አሰራችሁት። ቴቭኖ ከተወለደ ጀምሮ ወይን ሳይቀምስ የዋለው ያን ጊዜ ብቻ ነው ይላል፤ ለነፍሱ እንደጠቀማችሁት አልጠራጠርም። ከእስር ሲወጣ በጀልባው ጎን ላይ አንቴልም ብሎ አስጻፈ። የሰፈራችን ሽማግሌ ወደ ወደቡ ወርደው ቢቆጡት "ምነው ጌታዬ፣ እሷንም ልታጠምቋት ነው እንዴ? እሷ እንደሆነ ስትጠመቅ ነው የምትውለው" ብሎ መለሰላቸው። በደንባችሁ ስለ ጀልባ የተጻፈ ነገር እንደሌለ አረጋግጫለሁ፤ ጉድለቱን እንድታሟሉት በትሕትና አሳስባለሁ።

እኔ በዚያ እሁድ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስጠብቅ ቀድማ የገባችው ዣክማ ነበረች። ፊቷን አይቼ ልጄ ምን ሆነ ብዬ ጮህኩ። "ልጁ ደህና ነው" አለች። መጎናጸፊያዋን አውልቃ ተቀመጠችና "አባቱን ግን ደግመው ገደሉት" አለች።

የቀድሞው ቄሳችን ሰነፍ ነበሩ፤ ይሰክሩም ነበር፤ ላቲናቸውንም ራሳቸው የተረዱት አይመስለኝም። እንዲመለሱልኝ አልመኝም። ነገር ግን የልጅ ስም ሲነግሯቸው ያንኑ ስም ይደግሙ ነበር።

ሦስተኛ፤ ይህን የምጠይቀው በእውነት ለማወቅ ነው።

ባለፈው መከር ከተማችንን ሊይዙ የመጡት የመስፍኑ ሰዎች ታችኛውን በር ሲሰብሩ፣ ባሌ ለሽያጭ ያዘጋጃቸውን በርሜሎች ድንጋይ እየሞላ እያንከባለለ ክፍተቱን ዘጋ። የመጨረሻውን በርሜል በትከሻው ደግፎ እንደቆመ ተመታ። ከእናንተ መካከል በዚያ ማለዳ ወደ በሩ ወርዶ ስሙን የጠየቀው ሰው አልነበረም። አንቴልም ከሆንክ ዞር በል፤ ዘሩባቤል የሚባል ሰው እስኪገኝ በሩ ተከፍቶ ይቆይ ያለውም አልነበረም። በሚቀጥለው እሁድ መምህር ኦዴ የሙታኑን ስም ከመድረኩ አነበቡ። ባሌ ዘንድ ሲደርሱ ቀና ብለው "አንቴልም ቦርናን፤ ስሙ በሕይወት መጽሐፍ ተጽፏል" አሉ። ከሴቶቹ መቀመጫ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ልጄም በሆዴ ነበር። ያቺ ቃል እስከ ሚያዝያ አቁማኝ ነበር፤ ውለታዋን አልክድም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። በሕይወት መጽሐፍ የተጻፈው በየትኛው ስሙ ነው? አንቴልም ተብሎ ከተጻፈ፣ ሰማይ የተቀበለው ስም ሞንሬቭ እንዳይገባ የተከለከለው ስለምንድን ነው? ታርሞ ከሆነም አትደብቁኝ፤ በትንሣኤ ቀን ባሌን ማን ብዬ እንደምፈልገው ማወቅ አለብኝ።

አራተኛ፤ የሰፈራችንን ሽማግሌ ደግነት ሳላነሳ ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። ባለፈው ሳምንት ሾርባዬን ስሠራ ገቡና ከእሳቱ አጠገብ ተቀመጡ።

"ይህን ሕፃን ምን ብለሽ ነው የምትጠሪው?" አሉኝ።

"ሲያለቅስ ነው ሲስቅ?"

"አትቀልጂ። ጎረቤት ሰምቶሻል።"

"ጎረቤት ካልሰማው ስም ምን ያደርጋል፣ ጌታዬ?"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አንቺ ልጅ፣ እኔ ክፉሽን አልሻም። ሐሙስ አንድ ጊዜ ዘሩባቤል በይና ገላግይን። እቤትሽ ገብተሽ ያሻሽን በይው፤ ማን ያይሻል?" አሉኝ።

ክቡራን ሆይ፣ ይህ ምክር ከየት እንደመጣ እጠይቃችኋለሁ። አያቶቻችን ያልገባቸውን ጸሎት በላቲን ሲደግሙ ኖሩ፤ አፋቸው ወዲህ ልባቸው ወዲያ ነበር፤ እግዚአብሔር ይህን ይጸየፋል ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ነገር መሠዊያ አፍርሳችኋል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተጋድሏል፣ ባሌም ሞቷል። አሁን ደግሞ አፌን ወዲህ ልቤን ወዲያ እንዳደርግ እየመከራችሁኝ ነው። ልዩነቱ በላቲን አለመሆኑ ብቻ ነው፤ ለዚህም አመሰግናለሁ፣ የምዋሸው በሚገባኝ ቋንቋ ነውና።

ክቡር ሰብሳቢያችንን በተመለከተም አንድ ነገር ሰምቼ ደንግጫለሁ። ሜልሺዮር የሚለው ስም፣ ከሰብአ ሰገል፣ ከሦስቱ ነገሥታት የአንዱ ስም ነው ተብሎ፣ ከባሌ ስም ጋር አብሮ ተከልክሏል። ክቡርነትዎ ግን ከነስሙ በወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከነስሙ ይፈርዳሉ፣ የቅጣቴንም ትእዛዝ ከነስሙ ይፈርሙበታል። እኔን ለመጥራት የተላከው ወረቀት ግርጌ ላይ የጣዖቱ ስም በትልቁ ተጽፎ አይቼዋለሁ። ሐሙስ ዕለት አብረን ብንንበረከክ ለእኔ ትልቅ ክብር ነው። ጉልበትዎን እንደሚያምዎት ስለማውቅ ስንነሣ እደግፍዎታለሁ።

አምስተኛ ብዬ ልጽፍ ያሰብኩት ከወንጌል ነው፤ አጭር ነው። ሕፃኑን በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊሉት ወደዱ፤ እናቱ ግን አይሆንም፣ ዮሐንስ ይባል አለች። ዘመዶቿ ቢገረሙም አላሰሯትም። ሄደው አባቱን ጠየቁት፤ አንደበቱ ቢያዝም ስሙን ጻፈላቸው። እንግዲህ በዚያ አገር እናት ስትናገር ይሰማል፣ አባት ዲዳ ቢሆን እንኳ ይጠየቃል። መምህር ኦዴ ይህን ክፍል ለማግኘት ከተቸገሩ የሉቃስ የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። የእኔም ባል ዲዳ ሆኗል፤ ነገር ግን መልሱን በታችኛው በር ላይ ጽፎላችኋል ብዬ አምናለሁ።

ሐሙስ እመጣለሁ። ንጹሕ ልብሴን ለብሼ፣ ልጄንም ታቅፌ እመጣለሁ። ስሙን ስትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ፤ ለመናገር መንበርከክ ስለማያስፈልግ ግን አልንበረከክም። የፈለጋችሁትን ፍረዱ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ እሁድ አለ። እሁድ ከተማችን ከመስፍኑ እጅ የዳነችበት የምስጋና ቀን ነው፤ በሥርዓታችሁም መሠረት መምህር ኦዴ የሙታኑን ስም ከመድረኩ ያነባሉ። ከጌታ እራት ብትከለክሉኝም ከስብከት መቅረት አልችልም፤ ብቀር በዚህም ትቀጡኛላችሁና። ስለዚህ ከሴቶቹ መቀመጫ በፊተኛው ረድፍ እቀመጣለሁ። መምህራችን ስሙን ቢዘሉት፣ ባሎቻቸውን አብረው ያጡ ሴቶች አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ የማን ስም እንደጎደለ ያውቃሉ። ዘሩባቤል ቦርናን ቢሉ፣ እንዲህ የሚባል ሰው በሩ ላይ እንዳልነበረ የሚመሰክሩ ሁለት መቶ ወንዶች በማዶው መቀመጫ አሉ። አንቴልም ብለው ቢያነቡ ግን ልጄ ዘወር ብሎ ያያቸዋል። ስድስት ወሩ ነው፤ ስሙን ያውቃል። በስሙ የጠራውን ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ያያል፤ ለመምህር ኦዴም ቢሆን ቂም የለውም። የፈገገለትን ልጅ ከከተማ የሚያስወጣ ሰው ካለ፣ እሱን ለማየት ሰው ከሩቅ አገር ቢመጣም አይፈረድበትም።

እንድወጣ ከፈረዳችሁ በላይኛው በር አታስወጡኝ። ታችኛው ይሻለኛል፤ የምሰናበተው ሰው እዚያ አለ።

በሰጣችሁኝ ፊደል የምጽፍ፣ ባሌ በዘጋላችሁ በር ውስጥ ያለ ስጋት ስትሰበሰቡ በማየቴ ዘወትር የምደሰት፣ ለሸንጎው የሚገባውን ክብር ሁሉ ሳላጎድል የማቀርብ፣

የአንቴልም ሚስት፣ የአንቴልም እናት፣
ፔርኔት ቦርናን

ተጨማሪ፤ ይህ ደብዳቤ የተለጠፈው በገበያ ቀን ነው፤ የትምህርት ቤት ጓደኞቼም ማንበብ ለማይችሉት በየተራ ጮክ ብለው እያነበቡላቸው ነው። ለእናንተም በሸንጎው ልማድ ጸሐፊያችሁ ከፍ ባለ ድምፅ ያነብላችኋል። የልጄን ስም ስንት ቦታ እንደጻፍኩት አልቆጠርኩም። እዚህ እስኪደርስ ድረስ ግን አንዱንም ሳያስቀር ጠርቶታል፤ እናንተም ቆባችሁን አውልቃችሁ ተቀምጣችሁ ሰምታችኋል። ስለ ክርስትናው እግዚአብሔር ይስጥልኝ።