የአርባህ ጥሪ የት ገባ

ሰኞ

ሄኖኬ፣ የድረ ገጽህ የይለፍ ቃል የውሻችን ስም ነው? እኔና እማዬ ከሰዓቱን በሙሉ ስንገምት ዋልን። የእሷን ስም ሞከርን፣ የልደትህን ቀን፣ የክርስትና ስምህን ሁሉ። «ቡቺ» ብዬ ስጽፍ ተከፈተ። እማዬ፣ «ለካ ዘጠኝ ወር የተሸከመው ቡቺ ነው» አለች። ካረፍክ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ዛሬ ነው።

እሑድ አርባህ ነው። ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ከተማው ዳር ዳር ተበትኗል፤ የሁሉንም ስልክ የሚያውቅ የለም። ግን ሳይፈርስ ፎቶ ያነሣኸውን የድሮ በራቸውንና የሱቃቸውን ታፔላ ለማየት ያንተን ድረ ገጽ ይከፍታሉ። ጥሪው እዚያ ይውጣ አለች እማዬ። ጻፍኩ፣ ፎቶህን ጨመርኩ፣ ቀኑን ሞላሁ፣ ተጫንኩ።

አልወጣም።

ማክሰኞ

አሁንም የለም። ሁለት ጊዜ ደግሜ ላክሁት። የክፍሌ ልጅ ሮቤል፣ ሁሉን አውቃለሁ ባዩ፣ ብሮውዘርህን አጽዳ አለኝ። አጸዳሁ። ጥሪው አልመጣም፤ የራሴ የይለፍ ቃሎች ግን በሙሉ ሄዱ።

ጥሪውን ከጻፍኩበት ቦታ ገብቼ ስከፍተው ደግሞ ፎቶህ በጎኑ ተጋድሟል። ስልኬ ላይ ቀጥ ብሎ ነው ያለው። እማዬ ከኋላዬ ቆማ ኖሮ፣ «ቀና አድርገው፤ ተኝቶ አይዩት» አለች። ጫፉን ትንሽ ቆርጬ እንደገና ሳስቀምጠው ቀጥ አለ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ሮቤልን አልጠየቅኩትም።

ሐሙስ

ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ሰዓት የሚጠግኑት ጋሽ ተስፋዬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠሩኝ። የፈረሰች ሱቃቸውን ፎቶ፣ መጀመሪያ ያወጣኸውን፣ ለማየት ድረ ገጹን እስከ ታች ወርደውበታል። ከሱቃቸው ሥር የእኔን ጥሪ አገኙ። ሦስቱንም።

«ሦስት ጊዜ ልታበሉን ነው እንዴ?» አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቀኑን አዩት። «የሞላኸው ዓመት የኛ ነው። ይሄ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፣ ጎበዝ።»

ድረ ገጹ የቆየውን ከታች ነው የሚያስቀምጠው፤ ስለዚህ እንደ እሱ ከሆነ ለአርባህ ሰው የጠራሁት ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያኔ አንተ እንደኔ አሥረኛ ክፍል ነበርክ፤ ራስህም በመጣህ ነበር።

ዓመቱን አስተካከልኩ፣ ሁለቱን ትርፍ ሰረዝኩ። ጥሪው ከላይ ቁጭ አለ። ሰው ያየው ይሆን? ሦስት ቀን ነው የቀረው።

እሑድ

መጡ። እማዬ ሃያ ሰው ብላ ነበር፤ ከዕድር ወንበር ጨምረንም አልበቃም። ሁለት ታክሲ ቀይረው የመጡ አሉ። ከእሪ በከንቱ ሰፈር የተነሡት እትዬ አልማዝ፣ ቄሱ እየጸለዩ፣ የበራቸውን ፎቶ እንዳነሣህላቸውና እንዳላወጣኸው በጆሮዬ ነገሩኝ። ፈልጌ አወጣዋለሁ አልኳቸው። ቄሱ ሁለታችንንም ገላመጡን።

ሰኞ

አብረውን የከረሙት ዘመዶች ትናንት ሄዱ። እማዬ ዛሬ ሥራ ገባች። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ስሆን ይህ የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ዩኒፎርሜን ለብሼ ቦርሳዬን አነገትኩ፤ ከዚያ እንዳነገትኩ ኮምፒውተርህ ፊት ተቀመጥኩ። ፎቶዎችህ ስም የላቸውም፣ አንድ በአንድ ነው የሚከፈቱት። የእትዬ አልማዝን በር አገኘሁት፦ አረንጓዴ፣ ታቹን ዝገት የበላው፣ ፎቶውን ስታነሣ ጥላህ ያረፈበት። አወጣሁት። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አለፈ። ቁጥሩን ሳየው አራት ጊዜ ታይቷል ይላል።

ሦስቱ እኔ ነኝ።