ደርሶ መልስ

ኅዳር 9 ቀን

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣ ለሚጢ፤

እንደምን ከረምሽ? እማዬ ዛሬ ግማሽ ሳህን ሾርባ ጠጣች። ከዚያ ጨው ያንሰዋል ብላ ተቆጣችኝ። ስትቆጣ ደስ ይለኛል።

የላክሽው ገንዘብ ደርሶኛል። እንዳልሽው ወደ ተወለደችበት የወደብ ከተማ ልወስዳት ነው። ሐኪሙን ሳማክረው "ውሰጃት፤ ግን የሚቀጥለውን ወር አትጠብቂ" አለኝ። ለእሷ አልነገርኳትም። አውቶቡስ እንዳያንገላታት ብዬ ባቡር መረጥኩ።

ሒሳቡን አልጋዋ ላይ ቁጭ ብለን አብረን ሠራነው። ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ የሸጠች ሴት ናት፤ ታውቂያታለሽ። የእንግዳ ማረፊያውን ባለቤት ስልክ ላይ ይዛ አልለቅም አለች።

"ልጄ፣ ባሕሩ የሚታይበት ክፍል ስንት ነው?"

ነገራት።

"የማይታይበትስ?"

ነገራት።

"እንግዲያው የማይታይበትን ስጠን። ባሕሩን ወጥተን በነጻ እናየዋለን።"

ሰውዬው ስቆ የሚታይበትን በማይታይበት ዋጋ ሰጣት። ስልኩን እንደዘጋች "ቶሎ ቀነሰ። ጣሪያው ሳያፈስ አይቀርም" አለችኝ።

አሮጌው ምሽግ ውስጥ ለመግባት እንደሚከፈል ስነግራት ግን የእውነት ተናደደች። ቤታቸው ከምሽጉ ሥር ነበር። "ልብስ ሳሰጣበት ላደግኩበት ግንብ ነው የምከፍለው?" አለች። ሰረዝነው። ከውጭ ታየዋለች። ደረጃውን መውጣት እንደማትችል ሁለታችንም አላነሳንም።

ከዚያ ባቡሩ ላይ ደረስን። ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ ብዬ ጻፍኩ። መነጽሯን አድርጋ ቆይታ አየችው።

"ይሄ በዛ" አለች።

"ምኑ?"

"መመለሻው። የአንድ ሰው ይበቃል።"

ሱቅ ቆማ ዋጋ ስትናገርበት በነበረው ድምፅ ነው ያለችው።

"ተይ እንጂ እማዬ።"

"ምን ተይ ትይኛለሽ? የማይለበስ ጨርቅ ገዝቼ አላውቅም።"

በማግስቱ ሄጄ ለሁለታችንም ደርሶ መልስ ቆረጥኩ። ቲኬቶቹን ሳሳያት "ገንዘቡ ይመለሳል?" አለች። አይመለስም አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዋለች። ሲጨላልም መብራት ላበራ ስገባ ነው የተናገረችው።

"የእኔን መመለሻ ለሚጢ አድርጊው። መጥታ አብራሽ ትመለስ። አንቺ ብቻሽን ከሆንሽ ሻንጣ ትረሻለሽ።"

መብራቱን ሳላበራ ወጣሁ።

እና ሚጢ፣ ሥራሽ እንደማይለቅሽ ጽፈሽልኛል፤ አልዘነጋሁትም። ገንዘብ ግን ከእንግዲህ አትላኪ፤ ያለው ይበቃናል። የምንነሳው ኅዳር 28 ጠዋት ነው። እዚህ መድረስ ካልቻልሽ እዚያው ባሕሩ ጋ ድረሺብን። ወፍራም ሹራብ ያዢ፤ እማዬ ማታ ማታ ንፋሱ ክፉ ነው ትላለች።

መንገዱን ያቅናልሽ፤ ለእሷም ቀን ይጨምርላት።

ታላቅ እህትሽ

ቲኬቱ ላይ ስም አይጻፍም። ጠይቄያለሁ።