ሮዝ አልሆን ያለው ውኃ

ሰኞ
አልቀላም። ሦስቴ ሞከርኩ። የክሎሪን መሞከሪያ ክኒኗን ውኃው ውስጥ ከተትኩ፣ ነቀነቅኩ፣ ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁ። ክሎሪን ያለበት ውኃ ሮዝ ይሆናል፤ ይኼ ግን ጥርት እንዳለ ቁጭ! የቀዳሁት ከታችኛው ሰፈር ነው፣ ቀሐ ወንዝ በኩል፣ ከእኛው ሰፈር ቧንቧ። ላይ ታንከሩ ጋ ትንሽ ይቀላል፤ ታች ሲደርስ ባዶ። ክኒኗ ጊዜዋ አልፎ ይሆናል። ክሎሪኑን የሚበጠብጡት አያ ደሳለኝ ደግሞ «ምነው ልጄ፣ ይኼን የመሰለ ሸጋ ውኃ!» ይሉኛል። ሸጋነቱ ነው እኮ ያናደደኝ።

ማክሰኞ
አዲስ ክኒን ከፈትኩ። ያው ነው። ለውኃ ቢሮ አለቃዬ ደወልኩ፤ «ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን» አለኝ። በዓል፣ በዓል!
የሚያስፈራኝ፦ የታችኛው ቧንቧ አርጅቷል። ከፍሳሽ ቦዩ ጎን ለጎን ያልፋል። ውኃ ሲቋረጥ በስንጥቁ ቆሻሻ ይስባል። ክሎሪን ያን ቆሻሻ ሲያቃጥል ራሱም ያልቃል፤ ተርፎ ቤታችን የሚደርሰው ነው የሚጠብቀን። አሁን የሚተርፍ የለም።
ልጄ ማርታ ራቷን አልበላችም። አራት ዓመቷ ነው፤ ምግብ እምቢ ስትል የመጀመሪያዋ አይደለም።

ረቡዕ
ማርታን አምስት ጊዜ አስቀመጣት። እናቴ «ብርድ ነው» አለች። ብርድ አይደለም! እኔ እቤቴ ውኃ አፍልቼ አላውቅም። «እኔ ያከምኩትን ውኃ? ስድብ ነው!» እያልኩ ስኮራ ኖርኩ። ምን ዓይነት ጅል ነኝ!
ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ መጡ። የልጅ ልጆቻቸውን ሁለቱንም አሟቸዋል። «አንቺ የውኃ ሰው አይደለሽ፣ ምንድነው ነገሩ?» አሉኝ። «እየተጣራ ነው» አልኩ። አፈርኩ።

ሐሙስ
ማርታን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጡን። ለእናቴ ትቻት ቀጥታ ታንከሩ ጋ ወጣሁ። አያ ደሳለኝ ሲበጠብጡ ቆሜ አየሁ። ሁለት ጣሳ መሆን ሲገባው አንድ።
«ሁለተኛውስ?»
ደንገጥ አሉ። «ለእናትሽ ብዬ ነው እኮ» አሉ። የዚህ ወር የማኅበር ተራ የእናቴ ነው፤ እሳቸውም ማኅበርተኛ ናቸው። «ባለፈው አንቺው አይደለሽም ወይ፣ እናቴ ክሎሪናችሁ ጠላዬን አበላሸብኝ ትላለች ያልሽኝ? እስከ ማኅበሩ ቀነስ ላርግላቸው ብዬ።»
ብያለሁ። እየሳቅኩ፣ ለጨዋታ። አያ ደሳለኝ ግን ደጋ ያደጉ ሰው ናቸው። እዚያ ሰው ሲለምን «አድርጉልኝ» አይልም፤ ችግሩን ጣል አድርጎ ይሄዳል፣ የሰማው ያውቅበታል። እናቴ እኔን አማላጅ የላከች መሰላቸው። እንዴት እምቢ ይበሉ?
ሁለተኛውን ጣሳ ራሴ ጨመርኩ።

ዓርብ
ታች ቀላ! ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ግን ሮዝ። ቧንቧው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።
ለአለቃዬ ሁሉንም ጻፍኩ፣ የራሴንም ቃል ጨምሬ። ሽማግሌውን ብቻቸውን አላስመታም። ከዚያ ከአያ ደሳለኝ ጋር ቤት ለቤት ዞርን፤ ውኃ አፍሉ፣ የተቀዳውን ድፉ፣ የታመመ ካለ ንገሩን። አሥራ አንድ ቤት ታማሚ አለ። አያ ደሳለኝ እያንዳንዱ በር ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ይላሉ። «ተዉ» ብላቸው አልሰማ አሉ።
የእትዬ ከድጃ ትንሹ ሆስፒታል ገብቷል። የሆነውን ስነግራቸው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ምነው በሰደቡኝ!

ቅዳሜ
ማኅበሩ ዛሬ ነበር። ጠላው ሸጋ ወጥቷል፤ ሁሉም እናቴን መረቁ። ክሎሪኑ ለእሷ ጠላ ተብሎ እንደተቀነሰ እስካሁን አታውቅም፤ የቀረው እንግዳ ሲሄድ እነግራታለሁ። አያ ደሳለኝ የተቀዳላቸውን ሳይቀምሱ አስቀምጠው ወጡ።
ማርታ ከሰዓት ነቅታ «ውኃ» አለች። አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ሰጠኋት። ጠጣች። እስካሁን አላስመለሳትም፤ ፊቷም መለስ ብሏል።
የእትዬ ከድጃ በር እንደተቆለፈ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እየወጣሁ አያለሁ። ከሆስፒታል የመጣ ሰው የለም።