ኮሚሽን የማይበላው ደላላ

እህት ዓለሜ፣ እኔ በጣም ደህና ነኝ። ከልጄ ቢሮ፣ ከኮምፒውተሯ አጠገብ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። የምትሠራው ኮድ የሰዎችን ፕሮግራም፣ መረጃ ከሚቀመጥበት ሰርቨር ጋር ያገናኛል። ደላላ በይው፤ ግን ኮሚሽን አይበላም፣ ለፈለገ ሁሉ በነጻ ነው። ከእኛ ሰፈሮቹ በስንት ጣሙ!

ዛሬ ስንት የደከመችበትን አዲሱን ኮድ ልትለቀው ስትል፣ ኮዷን ኢንተርኔት ላይ ያነበበ፣ በአካል አይታው የማታውቀው ሰውዬ ከባሕር ማዶ "እዚህ ጋ ከሰርቨሩ ጋር ግንኙነቱን ከፍተሽ መዝጋቱን ረስተሻል" ብሎ ጻፈላት።

ቱግ አልኩ። "እሱን ምን ጥልቅ አደረገው? ልኩን ንገሪው!"

"ኧረ እማዬ፣ ጉድ ከመሆን አዳነኝ እኮ!" አለች እየሳቀች። "እንዲሁ ብለቀው ሰርቨሩ ይጨናነቅና የስንቱ ሰው ሥራ ይቆም ነበር።"

"ተከፍሎት ነው የሚያነብልሽ?"

"በነጻ ነው እንጂ!"

እፍረት ያዘኝ። አስተካክላ ስትለቀው "እናቴ መርቃሃለች በይው" ብዬ አስጻፍኳት። ወዲያው "ለእናትሽም ለቤተሰቡም ሁሉ ሰላም በይልኝ" ብሎ መለሰ።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። ሰውዬው ለቤተሰቡ ሁሉ ብሏልና ያንቺንም ድርሻ ይኸው ልኬልሻለሁ።