የተንጠለጠለው ቧንቧ

መጋቢት 28 ቀን 2008
የጅግጅጋ ነፋስ ዛሬ ለጉድ ነው። አፌ ሁሉ አቧራ። ጠዋት ወደ ቶጉ ወረድን... ዝናብ ሲጥል ብቻ ውሃ የሚያይ ሰፊ የአሸዋ ወንዝ። ለቀብሪበያ ከተማ ውሃ የሚያደርሰው የብረት ቧንቧችን ሁለት ቦታ ላይ ያቋርጠዋል። ብየዳዎቹን ፈተሽኩ። ሁሉም ንጹሕ። በያጁ ኤልሚ ጭምብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፦
"አባዮ፣ እህቴ፣ የባሕር ቧንቧ አይደል ያጠናሽው? ባሕሩ የታለ?"
"በርበራ ወደብ ሄደህ አምጣልኝ።"
ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ይሳቁ! ማስተርሴን የሠራሁት ባሕር ወለል ላይ የተዘረጋ ቧንቧ ሲጎብጥ ስንጥቁ እንዴት እንደሚያድግ በማጥናት ነው። አለቃችን ኢንጂነር ተሻለ ሲቀጥረኝም "ይሄ ወረቀትሽ እዚህ አገር አይሠራም" ብሎኛል። ቀጠረኝ ግን።

ሚያዝያ 14
ፈነዳ። ውሃው በተለቀቀ ሳምንት ሳይሞላው፣ አንደኛው መሻገሪያ ብየዳው ላይ ለቀቀ። ቀብሪበያ ውሃ የለም። ተሻለ ሰው ሁሉ ፊት፦
"ብየዳውን ያሳለፍሽው አንቺ ነሽ! መጽሐፍ ታነቢያለሽ እንጂ ብረት አታነቢም!"
ታገድኩ። ኤልሚ ተባረረ። አላለቀስኩም። ከመሄዴ በፊት ጎንበስ ብዬ ስንጥቁን አየሁት።

ሚያዝያ 15
እንዴት ትናንት አልገባኝም! ግፊት ብቻ ቢሆን በቁመቱ ነበር የሚተረተረው። ይሄ ግን በዙሪያው ነው የሄደው። ከሥር አፉን ከፍቷል፣ ከላይ ገጥሟል። እንጨት ጉልበት ላይ ሲያጎብጡት በውጭ በኩል እንደሚሰነጠቀው!
ጎብጧል። መሐሉ ወደ ታች ረግቧል። ከፈታሽ ዓይን የሚያመልጥ ትንሽ ጉድለት የሌለው ብየዳ የለም፤ ቧንቧው ቀጥ ብሎ ከተኛ ጉድለቱም ዕድሜውን ሙሉ ተኝቶ ይኖራል። የሚቀሰቅሰው መጉበጡ ነው።
ግን ምን አጎበጠው? አሸዋ ላይ ተኝቶ እኮ በዓይኔ አይቻለሁ...

ሚያዝያ 17
ኤልሚ በሞተር ወሰደኝ። "ለእንጀራዬ መቆረጥ ምክንያት የሆነችውን ሴት አዝዬ ልዙር?" እያለ። እኔ ምን አጠፋሁ? እሱስ ምን አጠፋ?
አሸዋው የለም! ሁለተኛው መሻገሪያ፣ ያልፈነዳው፣ ሥሩ ባዶ ነው። ቧንቧው አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ቆሜ በሥሩ አለፍኩ። ባሕር ውስጥም ማዕበሉ ከቧንቧ ሥር አሸዋውን ሲጠርገው የሚሆነው ይሄው ነው! ጮህኩ መሰለኝ፣ ግመሎች ደነበሩ። ባለቤታቸው ደሃቦ ተቆጣችኝ። በሶማሊኛ፣ አሸዋውን ማን ወሰደው አልኳት።
"እኔን ትጠይቂኛለሽ? የእናንተው ገልባጭ መኪና አይደል? ያ ኮፍያ የማያወልቀው አለቃችሁ ቆሞ ያስጭናል!"
ተሻለ! የውሃ ማጠራቀሚያ ጋኑን ኮንክሪት በነጻ አሸዋ ሊያቦካ... ከገዛ ቧንቧችን ሥር!

ሚያዝያ 19
የውሃ ቢሮው ኃላፊ አቶ ዐብዲወሊ ዘንድ ገባሁ። ተሻለም ነበረ።
"አሸዋውን የጠረገው የፈነዳው ውሃ ነው" አለ።
"ካልፈነዳው ሥር ያለውንስ?"
የአንደኛው መሻገሪያ ጥገና አልቋል፣ ከነገ ወዲያ ውሃ ሊለቁ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የውሃውን ክብደት ተሸክሞ ይሰበራል። ስለዚህ እንዲህ አልኩ፦ "ሳላየው ልንገራችሁ። ሁለተኛው መሻገሪያ መሐል ያለው ብየዳ ከሥሩ ተሰንጥቋል። ከላይ ደህና ነው። ራሱ ኤልሚ የበየደው፣ አሸዋ ላይ የተኛው ጎረቤቱ ደግሞ ንጹሕ ነው። ከተሳሳትኩ ከዚህ ሙያ እወጣለሁ።"
አቶ ዐብዲወሊ አዩኝ። "ልጄ፣ ይሄን ሰው ፊት ትደግሚዋለሽ?"
"የተሰደብኩትም ሰው ፊት ነው።"
ምን ነክቶኝ ነው? ባይሰነጠቅስ?

ሚያዝያ 20
ቀይ! ቀይ! ቀይ!
ሁለተኛው መሻገሪያ ላይ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ቀለሙን ከብረቱ ላይ ፋቅን። ቀዩን መፈተሻ ፈሳሽ ቀባሁ፣ ጠረግኩ፣ ነጩን ዱቄት ነፋሁበት። ስንጥቅ ካለ የጠጣውን ቀይ ይተፋል። ጠበቅን። ተሻለ ሰዓቱን ያያል። ከላይ ነጭ። ከጎን ነጭ። ከሥር... ቀጭን ቀይ መስመር ቀስ እያለ ወጣ። ኤልሚ "ወላሂ! ወላሂ!" እያለ ዘለለ። አሸዋ ላይ የተኛው ብየዳ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ያው በያጅ፣ ያው ፈታሽ፣ ያው ግፊት። ልዩነቱ መጉበጡ ብቻ።
ተሻለ ጠጋ ብሎ "ቢሮ እንነጋገር" አለኝ።
"እዚሁ።"
አሸዋውን ያስወሰድኩት እኔ ነኝ አለ፣ ለጫማው።
"አልሰማሁም!" አለ ኤልሚ ከኋላ።
ደገመው።

ግንቦት 3
የውሃ መልቀቂያው ቫልቭ ቁልፍ እኔ እጅ ነው። ተሻለ ከፕሮጀክቱ ተነሥቷል፤ ኤልሚ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ መሻገሪያዎቹን የምመራው እኔ ነኝ። ጠዋት የቀብሪበያ ሴቶች ጄሪካን ይዘው መጡ።
"ውሃ ያስቋረጥሽው አንቺ ነሽ ተባልን። አሁንም የምትከለክዪን አንቺ?"
"አዎ፣ አሁን እኔ ነኝ። ከሥሩ ድጋፉ ሳያልቅ አልከፍትም።"
ሰደቡኝ። ሙልጭ አድርገው! የኢንጂነር ተሻለ ስድብ አንገብግቦኝ ነበር፤ የነሱ አላንገበገበኝም። የተጠማ ሰው ምን ይበል?
ከሰዓት ኤልሚ የመጨረሻውን ድጋፍ አጥብቆ እጁን አወዛወዘልኝ። ከፈትኩ። ብረቱ ውስጥ ውሃው እየጮኸ መጣ። ሮጬ ከቧንቧው ሥር ገባሁ፣ በስንጥቁ ቦታ የተበየደው አዲሱ ብየዳ ላይ መዳፌን ለጠፍኩ። ሴቶቹ ከላይ ያዩኛል። ቆየሁ... ቆየሁ...
መዳፌን አዙሬ አሳየኋቸው። ደረቅ!